ወደ በሩ የዞረው ወንበር

ሰው ሲናገር ከመስማት ማረም ይቀናኛል። በጅማ ከተማ፣ በአጋሮ መውጫ ባለ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የለቃሚ ሴቶች ካቦ ሆኜ ስሠራ የያዝኩት አመል ነው። አንዷ ጥቁር ፍሬ ታሳልፋለች፣ ሌላዋ ወሬ ይዛ እጇን ትረሳለች፣ ሦስተኛዋ ሰፌዷን አጋድላ ግማሹን መሬት ታፈሳለች፤ ይህን ሁሉ ቆሞ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አመሌ አልተወኝም። ልጆቼ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አንቺ ነሽ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ዘይቡ በምጽፈው ታሪክ ውስጥ የእኔ ምላስ ስላለበት ነው።

ዘይቡ አባቦራ ወደ እኛ የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከሰኮሩ ነው። አባቷ ሲሞቱ እናቷ ጅማ ለምትኖረው አክስቷ ለናኢማ ሰጠቻት፤ ናኢማ ደግሞ አንድ ሰኞ ጧት እጇን ይዛ መጥታ መጋዘኑ በር ላይ አስረከበችኝ። «እትዬ ሸዋረገጥ፣ ይቺን ልጅ ያስተምሩልኝ። ወሬ ትወዳለች እንጂ ሰነፍ አይደለችም» አለችኝ። የልጅቱ አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ ነበር። የእኔ ኦሮምኛም ግማሹ አማርኛ ስለሆነ ወዲያው ተግባባን።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ቡናው ተፈልፍሎ ከመጣ በኋላ ጥቁሩ፣ የተሰበረውና ነቀዝ የበላው ፍሬ በእጅ ተለቅሞ ይወጣል። ሴቶቹ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ከጧት እስከ ማታ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ዘይቡ በሦስት ወር ውስጥ ሁሉንም በለጠቻቸው። ቀኝ እጇ ጥቁሩን ሲያነሳ ግራ እጇ የተሰበረውን ያነሳል፤ ሁለቱ እጆቿ የሁለት ሰው ይመስሉ ነበር። ሌሎቹ ሲያወሩ ይዘገያሉ፣ እሷ ግን ስታወራ ትፈጥናለች። እኔም ይህን ካየሁ በኋላ በመጋዘኑ ውስጥ የማውራት ፈቃድ ያላት እሷ ብቻ እንድትሆን አደረግኩ። የሰኮሩን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ታወራልን ነበር፤ ጨርሶ አይተናቸው የማናውቃቸውን ሰዎች ሠርግና ጠብ በቃላችን አወቅን።

ከዚያ አብዱልሃዲን አገባች። አብዱልሃዲ ሄርማታ ገበያ ውስጥ በርጩማ የሚጠርብ፣ ከዋንዛ ግንድ አንድ ወጥ አድርጎ ሦስት እግር የሚያወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠርጋቸው ላይ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻችን በግ ታርዶልን፣ ከመጋዘን የሄድነው ሴቶች እስኪበቃን በላን። «የሚያወራና የሚያዳምጥ ተገናኙ» ብዬ መረቅኳቸው። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ልጅ አልመጣም። ዘይቡ ስለዚህ ጉዳይ ብቻ አታወራም ነበር፣ እኛም አንጠይቃትም።

ከውሰር የተወለደችው ኮሮና በገባ ዓመት ነው። እኛ አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን ተቀምጠን የምንለቅምበት ጊዜ ነበር። ዘይቡ በአራተኛ ወሯ አዝላት መጣች፤ ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጋዘኑ ልጅ ሆነች። በሰባት ወሯ ተቀመጠች። ዓመት ሲሆናት የቡና ኬሻ ተደግፋ ቆመች። «አዮ» ትላለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። ቡናውን «ቡኒ» ትለዋለች። ዳቦ በእጇ ይዛ ትገምጣለች፣ የእኔንም ነጠላ ጎትታ ትጠራኛለች። አንድ ቀን ከእናቷ ሰፌድ ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ በሁለት ጣቷ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ይቺስ ካቦ ነች» ብዬ ሳቅሁ፣ ፍሬዋንም ከሌላው ግርድ ጋር ጣልኳት። ያቺን ፍሬ ዛሬ ባገኛት ምን እንደማደርጋት አላውቅም፤ ብቻ ባልጣልኳት።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ዝም አለች። በአንድ ቀን አልነበረም፤ ቃሎቿ እንደ እንግዳ አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። መጀመሪያ «ቡኒ» ቀረ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ፣ በመጨረሻ «አዮ»። እኛ አላስተዋልንም፤ ልጅ አንዳንዴ ዝም ይላል ብለን ነው ያለፍነው። በዚያው ሰሞን እጆቿ ሥራ ያዙ። ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ አገናኝታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፣ ታሻሻለች፣ እንደገና ታፍተለትላለች።

«እዩዋትማ» አልኩ፣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። «ሰፌድ ሳይኖራት ትለቅማለች። እናቲቱን አይተህ ልጅቱን አግባ ማለት ይሄ ነው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ዘይቡ ነበረች። «ማሻአላህ በሉ እንጂ፣ በዓይን እንዳትበሏት» እያለች በኩራት ታያት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በየጧቱ ትንሽ ሰፌድ አምጥተን ጥቂት ፍሬ በትነን ፊቷ እናስቀምጣለን። እጆቿ ደረቷ ላይ ይለቅማሉ፣ ሰፌዱ ላይ ግን አንድ ቀንም አላረፉም። እኛ የእጇን ሥራ እንጂ የሰፌዱን ቡና ማን አየ። እንደተበተነ ሠርክ ላይ ወደ ኬሻው እንመልሰው ነበር።

ያወቀችው ዘይቡ ናት። አንድ ቀን ዳቦ ስትሰጣት ዳቦው ወደቀ። አነሳችና ጣቶቿ ውስጥ አስገባችላት፣ እንደገና ወደቀ። በአሥራ ሁለት ወሯ ዳቦ የምትይዝ ልጅ በሁለት ዓመቷ መያዝ አቃታት። እጆቿ ከእንቅልፍ በስተቀር አያርፉም፤ በመፋተጋቸው የአውራ ጣቷ ሥር ቆስሎ ደማ። ናኢማ ዓይን ነው አለች። ሼህ ዘንድ ወሰዷት፣ ሼሁ ዱዓ አድርገው «ሐኪምም አሳዩዋት» ብለው መለሷቸው። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ትዘገያለች እንጂ ታድጋለች ተባሉ። ቆማና ተናግራ የተወች ልጅ ትዘገያለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ አብዱልሃዲ ለመጠየቅ አፍሮ ወጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘይቡ ከሴቶቹ ተነጥላ ኬሻዎቹ ጀርባ ጠራችኝ። ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ ልጄ አታውቀኝም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዓይኗ እኔ ላይ አያርፍም። ስጠራት ግድግዳውን ታያለች። ወላሂ እንደ መስኮት በእኔ ውስጥ አሻግራ ነው የምታየው። ጡቴን የጠባች ልጅ እንዴት ትረሳኛለች?»

እንዲህ ስትለኝ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አላውቅም የሚለው ቃል ግን በካቦነቴ ዘመን ሁሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «ስሚኝ» አልኳት። «ልጅ ያየችውን ነው የምታደርገው። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያየችው የአንቺን እጅ ነው። እጅሽ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏታል፤ ሌላውን ሁሉ ያስረሳት እሱ ነው። ከዚህ አውጫት። እቤትም ስትለቅሚ አታሳያት፣ ጀርባዋን አዙሪያት። ካላየችው ይረሳታል፤ እሱን ስትረሳ አንቺን ታስታውሳለች።»

ከማንም አልሰማሁትም። አፌን ስከፍት ተዘጋጅቶ የጠበቀኝ ነገር ነበር፣ ስናገረው ደግሞ ለራሴም እውነት መሰለኝ። ዘይቡ አሥር ዓመት ሙሉ ያልኳትን ስታደርግ የኖረች ናት። «ኢሺ እትዬ» አለች፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ። ያን ጊዜ እጇን እንደ ሌባ ስትደብቅ አየሁ፣ ደስም አለኝ፤ ምክሬ የገባት መስሎኝ።

በሳምንቱ መጋዘኑን ለቀቀች። የሄርማታ ነጋዴዎች ቡናቸውን፣ ምስራቸውንና ሩዛቸውን እቤቷ እያመጡላት መልቀም ጀመረች። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። በሩ በመንገዱ በኩል ነው፤ ለመልቀም የሚሆን ብርሃን ያለው ግን ከኋላ፣ በጓሮው መስኮት ሥር ነው። አብዱልሃዲ ለከውሰር ከዋንዛ መደገፊያ ያለው፣ በጎንና በጎን ክንድ ያለው ወንበር ጠረበላት። እንደዚያ ያማረ ወንበር በዕድሜዬ አላየሁም። እየተወዛወዘች ሁለት ጊዜ ከነወንበሩ ስለወደቀች የወንበሩን እግሮች ወለሉ ውስጥ በሲሚንቶ ሊቀብራቸው ተነሳ።

«እትዬ፣ ወደየት ላዙረው?» አለኝ። እዚያው ነበርኩ፣ መቼስ የማልኖርበት የለም።

«ወደ በሩ» አልኩት። «መንገደኛ እያየች ትዝናና።»

ሲሚንቶውም ደረቀ። ሦስት ዓመት ከውሰር ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች፤ ዘይቡ ከኋላዋ፣ በግራ በኩል በመስኮቱ ሥር ሆና ለቀመች። ስታበላት እንዳያንቃት ጭንቅላቷን በክንዷ ደግፋ አፏን ብቻ እያየች ነው። ስታጥባት የእጇን ቁስል እያየች ነው። ሌላውን ሰዓት ሁሉ ልጅቱ በሩን፣ እናትየዋ የልጅቱን ማጅራት ያያሉ። ጎረቤት ከውሰር ተሻላት ወይ ብሎ ሲጠይቅ ዘይቡ «ኢንሻአላህ እየረሳችው ነው» ትል ነበር።

እኔ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማገኘው የከውሰርን ዓይን ነው። ትልልቅ ዓይኖች ናቸው፤ ይይዙኛል፣ ትንሽ ያቆዩኛል፣ ከዚያ ወደ ትከሻዋ ይመለሳሉ። ከቤቱ ሰው ሁሉ እኔን የምትወድ መስሎኝ ኮራሁ። እናቷን ረስታ እኔን እንዴት ታውቃለች ብዬ አንድ ቀንም ራሴን አልጠየቅኩም።

በዓመቱ ደግሞ አንገቷ ተበላሸ። ወደ ግራ ዞሮ አገጯ ትከሻዋ ላይ ይገጥማል። ስናቃናው ይመለሳል፣ ስናቃናው ይመለሳል። ወጌሻ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወጌሻው በቅቤ አሸው፤ ልጅቱ እየጮኸች እኔ ትከሻዋን ይዤ አብዱልሃዲ ውጭ ቆሞ ሦስት ቀን ታሸች። ምንም አልሆነም። በመጨረሻ እኔው ትራስ ሰፋሁና በግራዋ በኩል በጉንጯና በወንበሩ ክንድ መካከል ወተፍነው፤ አንገቷ እንዳይዞር ይይዛታል ብለን።

«እትዬ» አለችኝ ዘይቡ አንድ እሑድ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ሳወራ አንገቷ ይብስባታል። ከአብዱልሃዲም ጋር ቢሆን፣ በስልክም ቢሆን፣ ድምፄን ስትሰማ ትራሱን ገፍታ ትጠመዘዛለች።»

«እንግዲያው ዝም በያ» አልኳት።

ዝም አለች። እያወራች የምትፈጥነው ዘይቡ፣ የሰኮሩን ሰው ሁሉ ያስተዋወቀችን ዘይቡ፣ ልጇ እንዳትታመም ብላ አፏን ዘጋች። ያ ቤት ውስጥ ፍሬ ሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። አብዱልሃዲ ድሮም አይናገር። እሑድ ሄጄ የምለፈልፈው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ሮመዳን በወጣ በሳምንቱ፣ ጧት፣ ከውሰር ወንበሯ ላይ እንዳለች ደርቃ ተንቀጠቀጠች። አብዱልሃዲ አቅፏት ሮጠ፣ እኔንም በመንገድ አግኝተው በአንድ ባጃጅ ተጭነን ሆስፒታል ገባን። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሰላም የምትባል ወጣት ናት። መንቀጥቀጡን በመድኃኒት ካስቆመች በኋላ አልሄደችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የከውሰርን እጆች ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ ዘይቡን ትጠይቃት ጀመር።

«ስትወለድ ደህና ነበረች? ዓመት እስኪሆናት እንደማንኛውም ልጅ አደገች? ቃል ነበራት፣ ከዚያ ጠፋ? በእጇ ትይዝ ነበር፣ ከዚያ ተወች? ትንፋሿን ትይዛለች አንዳንዴ? ጥርሷን ታፋጫለች?»

ዘይቡ ለእያንዳንዱ «አዎ» እያለች መጨረሻ ላይ አለቀሰች። «ዶክተር፣ እርስዎ የእኔን ቤት እንዴት አወቁ?»

«ቤትሽን አይደለም፣ ሕመሙን ነው የማውቀው» አለች ሐኪሟ። «ሬት ሲንድረም ይባላል። መራራው ሬት እንዳይመስልሽ፤ መጀመሪያ ባጠናው ሐኪም ስም የተጠራ ነው። የሚይዘው ሴት ልጆችን ነው ማለት ይቻላል፤ ከአሥር ሺህ ልጃገረዶች አንዷን ቢሆን ነው። የደም ምርመራው እዚህ የለም፣ ውጭ አገር መላክ አለበት። ምልክቱ ግን ሁሉም አላት።»

ዘይቡ እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። ለብዙ ጊዜ በሰው ፊት እንዲህ አውጥታቸው አላየሁም። መዳፎቿን ዘርግታ ለሐኪሟ አሳየቻት።

«ከዚህ ነው የመጣባት» አለች። «ቡና ለቃሚ ነኝ። አርግዣትም፣ ታቅፌያትም ለቅሜያለሁ። የእኔ እጅ ነው የገባባት።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

እግሬ ሥር መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ዘይቡ ወደ እኔ አልዞረችም። «የሰው ወሬ ነው» አለች።

ሐኪሟ የዘይቡን እጆች በእጆቿ ያዘች። «ስሚኝ እህቴ። ሰው ሲፀነስ ሰውነቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ትእዛዝ ይዞ ነው። በከውሰር ላይ ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ አንዷ ተሳስታለች። በአጋጣሚ የሆነ ነው። አንቺ ማርገዝሽን ሳታውቂ ያለቀ ነገር ነው። ከቡናው አይደለም፣ ከእጅሽ አይደለም፣ ከዓይንም አይደለም። እጇን እንዲህ የምታደርገው አይታ አይደለም፤ ከቡና አገር ውጭ ያሉትም ልጆች እንዲሁ ያደርጋሉ።»

አብዱልሃዲ ከዚያ ቀን በፊት ሐኪም ፊት ተናግሮ አያውቅም። «ይድናል?» አለ።

«አይድንም» አለች፣ ሳትሸፋፍን። «የሚጥላትን እንቆጣጠራለን። ጀርባዋ እንዳይጎብጥ በስፖርት እንረዳታለን። የጠፋው ቃል ግን አይመለስ ይሆናል።» ከዚያ ወደ ዘይቡ ዞረች። «አንድ የምነግርሽ አለ። ቃላቸውን በሚያጡበት ሰሞን ከሰው ይርቃሉ፣ ዓይናቸውም ይሸሻል፤ እናታቸውን የረሱ ይመስላሉ። እሱ ግን ያልፋል። ዓይናቸው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚያወሩት በዓይናቸው ነው። የሚፈልጉትን ያያሉ፣ የሚወዱትን ትክ ብለው ያያሉ። አንቺን እንዴት ነው የምታይሽ?»

ዘይቡ ወደ ልጇ ዞር አለች።

«በሩን ነው የምታየው» አለች።

ሐኪሟ አልገባትም። «ፊት ለፊቷ ተቀመጪ» አለቻት። «ስትሠሪ ትይሽ፣ አውሪላት። ሁሉን ትሰማለች።»

በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን። አብዱልሃዲ እንደገባ መሮና መዶሻ አነሳ። የቀበረውን ሲሚንቶ ከወንበሩ እግር ዙሪያ ፈነቀለው። ዘይቡ ልጇን ታቅፋ ደጅ ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ ሲሚንቶውን በእጄ እየለቀምኩ ወደ ውጭ እጥላለሁ። አራቱም እግሮች ሲወጡ አብዱልሃዲ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አንዱን እግር በድንጋይ አስደገፈና ወደ ኋላ ሄደ።

ከውሰርን አስቀመጥናት። እኔ እንደ ልማዴ ትራሱን በግራ ጉንጯ በኩል ወተፍኩት። ዘይቡ በመስኮቱ ሥር ቁጭ አለች፣ ከነጋዴው የመጣ ቡና ያለበትን ሰፌድ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ መልቀም ጀመረች፣ መናገርም ጀመረች። ምን እንዳለች በደንብ አልሰማሁም፤ በኦሮምኛ ነበር፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጥቁር ነው፣ ይሄ ደህና ነው» የሚል ነገር ነው።

ከውሰር መጀመሪያ ሰፌዱን አየች። ቀጥላ የእናቷን እጆች አየች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወጣና የእናቷ ፊት ላይ ደረሰ፤ እዚያም ቆመ። ደረቷ ላይ የሚፋተጉት እጆቿ ለጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት አንድ ሰው እስከ አሥር እስኪቆጥር፣ ዝም አሉ። ትራሱ ከጉንጯ ተላቆ መሬት ወደቀ።

ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ።

«ይተዉት እትዬ» አለችኝ ዘይቡ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የልጅቱ አንገት ቀጥ ብሏል። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አላሸውም። ግራ ትከሻዋ ላይ ሁለት ዓመት የቆየው አገጭ በቦታው ነው። ወንበሩ በሩን ሲያይ በነበረ ጊዜ በግራ ትከሻዋ በኩል የነበረው ይኸው መስኮት ነበር፤ በመስኮቱም ሥር ዘይቡ።

«አንገቷን አላመማትም ነበር» አለች ዘይቡ። መልቀሟን አላቆመችም፣ ዓይኗንም ከልጇ ላይ አላነሳችም። «እየፈለገችኝ ነበር። ሳወራ የሚብስባትም ለዚያ ነው። ያ ራቢ፣ ልጄ ስትጠራኝ እኔ ዝም አልኳት።»

አብዱልሃዲ መዶሻውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ወጌሻው ሲያሻት ትከሻዋን የያዙት እጆቼ ትራሱን እንደታቀፉ ቀሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ የራሴን ወለምታ በዚያች ልጅ አንገት ላይ ሦስት ቀን በቅቤ አሳሽቻለሁ።

«ዘይቡ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያልኩሽ። ለሐኪሟ መናገር ነበረብሽ።»

«እርስዎ ተናገሩ፣ እኔ ደግሞ ሰማሁ» አለችኝ። «እናቷ እኔ ነኝ፤ ልቤ ሌላ ሲለኝ እኮ ነው የሰማሁዎት።» ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰድባኝ ከቤቷ ብታስወጣኝ ቢያንስ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ከውሰር አልዳነችም፤ ሐኪሟም እንደምትድን አልነገረችንም። መንቀጥቀጡ በመድኃኒት ቀንሷል፣ አንዳንድ ጧት ግን ይመጣል። አትራመድም። ጀርባዋ መጉበጥ ጀምሯል፣ ይሄኛው እውነተኛው ሕመም ነው። ዘይቡ ዳቦና ሙዝ በሁለት እጇ ይዛ ታሳያታለች፣ ልጅቱ የፈለገችውን በዓይኗ ትመርጣለች፤ ሁልጊዜ ሙዙን ነው። ቤቱ እንደገና ወሬ ሞልቶታል። የሰኮሩ ሰዎች በሙሉ ተመልሰው መጥተዋል፣ ሠርጋቸውም ጠባቸውም ለአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ይነገራል፣ ልጅቱም ዓይኗን ሳትነቅል ትሰማለች።

ዘይቡ ድሮ «ታውቀኝ ይሆን?» ትለኝ ነበር። አሁን ያንን አትጠይቅም። አሁን አንዳንዴ፣ ልጅቱ ከተኛች በኋላ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ምን መስሏት ይሆን እትዬ?» ትለኛለች። «ድምፄ ከኋላዋ እየመጣ፣ እኔ ወደ ፊቷ ሳልመጣ፣ ምን አድርጌያት መስሏት ይሆን?» አላውቅም እላታለሁ። ይህን ቃል የተማርኩት በስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለው ይሻላት ይመስል ደጋግሜ እለዋለሁ።

እሑድ እሑድ አሁንም እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት ድሮ የሚቀበሉኝ ዓይኖች የሉም፤ የማየው የወንበሩን መደገፊያና የከውሰርን ማጅራት ነው። ጫማዬን አውልቄ የበሩ ደፍ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ የወንበሩ እግሮች ተቀብረውበት የነበረው ጉድጓድ ዳር። ዘይቡ ከመስኮቱ ሥር ሆና «እትዬ መጡ» ትላታለች። ልጅቱ አንገቷን አታዞርም።